ኮከብ ከኮከብ ጋር አይጋጭም ብዬ ላስተማርኳችሁ ሁሉ፦ እርማት አለኝ

  የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡና ቀርቦ ቢነበብ ይሻላል።

ከዓመታት በፊት እዚሁ መቱ ስለ ፀሐይና ስለ ከዋክብት እያስተማርኩ ሳለ፣ ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ እጁን አወጣና "ቲቸር፣ ኮከብ ከኮከብ ጋር ይጋጫል እንዴ?" አለኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅ አልኩና "አይጋጭም፣ ቁጭ በል" አልኩት። ከዚያ ማስረጃዬን ሰሌዳው ላይ ደረደርኩ። ፀሐይን አንድ የቡና ፍሬ እስክታክል ብናሳንሳት፣ ለእሷ በጣም ቅርብ የሚባለው ኮከብ 290 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የተቀመጠ ሌላ ፍሬ ነው። አንዷን ፍሬ መቱ አስቀምጡ፤ ሁለተኛዋን የምታገኟት በቀጥታ መስመር ወሊሶን አልፋችሁ ወደ አዲስ አበባ ስትጠጉ ነው። እንዲህ ተራርቀው እንዴት ይጋጫሉ? ልጁ ዝም ብሎ ተቀመጠ። እኔም አሳመንኩ ብዬ ወጣሁ።

ስሌቱ ትክክል ነበር። መልሱ ግን ስህተት ነበር። ስሌቱ የሚሠራው እንደ ፀሐያችን ብቻቸውን ለሚኖሩ ኮከቦች ነው። ብዙ ኮከቦች ግን ብቻቸውን አይወለዱም። በተለይ ግዙፎቹ፣ ከፀሐይ አሥር፣ ሃያ፣ መቶ እጥፍ የሚከብዱት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለትም ሦስትም ሆነው ነው የሚወለዱት። አንዱ ሌላውን እየዞረ፣ እየተጠጋ፣ አንዳንዴ ጋዝ እየተሳሳበ ይኖራል። ከእነሱም የተወሰኑት በመጨረሻ ይዋሃዳሉ። እኛ አገር ጥንዶች ሲስማሙ "ኮከባቸው ገጠመ" እንላለን አይደል? እዚያ ላይ ግን የሚገጥሙት ኮከቦቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሲገጥሙም ሰላም የለም። ሰማይ ያበራል።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ ክስተቶች በታሪክ ትልቁ ሳይሆን አይቀርም የሚባለው ደግሞ የታየው በሩቅ አገር ሰማይ ብቻ አይደለም። ከእኛም ሰማይ ላይ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።)

ጆን ኸርሸል የሚባል እንግሊዛዊ የሥነ ፈለክ ሰው ነበር። አባቱ ዩራነስን ያገኘው ዊልያም ኸርሸል ነው። ልጁ በ1834 ቴሌስኮፑን በመርከብ ጭኖ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ገባ። ከአውሮፓ የማይታየውን የደቡብ ሰማይ ኮከብ በኮከብ ሊመዘግብ ነው የመጣው። አራት ዓመት ሠራ። ሰማዩን እንደ ሰፈሩ መንገድ ለምዶታል ማለት ይቻላል። ታኅሣሥ 16 ቀን 1837 ማታ ሥራውን ሲጀምር ግን አንድ የሚያውቀው ኮከብ የማያውቀው ሆኖ ጠበቀው። ዛሬ ኤታ ካሪኔ የምንለው ኮከብ ነው። ድሮ መካከለኛ ኮከብ ነበር። ኤድመንድ ሃሌ፣ ያ በኮሜቱ የምናውቀው ሰውዬ፣ በ1677 ከሴንት ሄሌና ደሴት ሲመዘግበው አራተኛ ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጠው፤ በዓይን ይታያል፣ ግን ማንም ልብ የማይለው ዓይነት። ኸርሸል ባየው ሌሊት ግን ከሰማዩ ዋና ዋና ኮከቦች ጋር የሚፎካከር ሆኖ ነበር።

ትንሽ ደብዘዝ አለና መጋቢት 1843 ላይ እንደገና ደመቀ። በዚያ ጊዜ ከመላው ሰማይ ኮከቦች የሚበልጠው ሲሪየስ ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ ሲሪየስ ከእኛ ወደ 8.6 የብርሃን ዓመት ብቻ ነው የሚርቀው። ኤታ ካሪኔ ወደ 7,500 የብርሃን ዓመት ይርቃል። ከሲሪየስ ስምንት መቶ እጥፍ በላይ ርቆ ተቀምጦ ነው እኩል ሊሆን ጥቂት የቀረው። ከዚያ ዓመት በዓመት እየከሰመ ሄዶ በ1860ዎቹ መጨረሻ ጭራሽ በዓይን የማይታይ ሆነ። ይህ ክስተት በሥነ ፈለክ መጻሕፍት "ታላቁ ፍንዳታ" ይባላል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። 1843 በእኛ 1835 ዓ.ም. ነው። ሰሜኑ ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበር። በእኛ ጎረቤት፣ ከበደሌ ወዲያ ባለው የጊቤ ምድር፣ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ነግሦ ነበር። በዚያው ዓመት ወደ እናርያ የመጣ አንድ እንግዳ አለ። አንትዋን ዳባዲ ይባላል፤ ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በ1838 ምፅዋ ወርዶ እስከ 1848 አገራችንን የዞረው ፈረንሳዊ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ከሁለት መቶ በላይ የብራና መጻሕፍት በመሰብሰቡና በ1881 ባሳተመው የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ይሆናል። ሰውዬው ግን ቀያሽም ነበር። ቴዎዶላይት ተሸክሞ ነው የዞረው፤ ከተራራ ተራራ ማዕዘን እየለካ፣ ፀሐይንና ከዋክብትን እያየ የቦታዎችን ኬክሮስ ያሰላ ነበር። ከእናርያም ለአባ ባጊቦ ሙሽራ ሊያመጣ ከተላከው ጉዞ ጋር ከፋ ድረስ ዘለቀ። እንግዲህ እዚህ በእኛ ምድር የንጉሥ ሠርግ ሲደገስ፣ በደቡብ በኩል ሰማይ ላይ ደግሞ የሌላ ዓይነት ሠርግ መብራት በርቶ ነበር ማለት ነው።

ከዚህ ይታያል ወይ? አዎ። መቱ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። ኤታ ካሪኔ ወደ ደቡብ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ቀንሱት፣ ከአድማሳችን 22 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ሁለት ቡጢ ብትደራርቡ ያን ያህል ነው። ለንደንና ፓሪስ ያለ ሰው ጨርሶ አያየውም፣ ከአድማስ በታች ነው። በ1843 መጋቢት ውስጥ እኩለ ሌሊት አካባቢ ከጎጆው ወጥቶ ወደ ከፋ አቅጣጫ የተመለከተ የእኛ አገር ገበሬ ግን፣ ደመናና ጫካው ካልከለለው፣ ያየው ነበር። መብራት የሌለበትን የዚያን ጊዜ ሰማይ አስቡት እንግዲህ።

ለመሆኑ ምን ነበር ያ ብርሃን?

ለብዙ ጊዜ የነበረው መልስ የጀበና መልስ ነው። እሳቱ ከበረታ ጀበና ይገነፍላል። በጣም ግዙፍ ኮከብ ውስጡ የሚፈጥረው ብርሃን ራሱ ጋዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ስበቱ ደግሞ ወደ ውስጥ ይይዘዋል። ሁለቱ ሲመጣጠኑ ኮከቡ አለ። ግፊቱ ካሸነፈ ኮከቡ ይገነፍላል፣ ላዩን ይተፋል። ኤታ ካሪኔ ከፀሐይ መቶ እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ ለመገንፈል ጫፍ ላይ ያለ ኮከብ ነው። ስለዚህ "ገነፈለ" ተባለ፣ ተዘጋ።

ግን የማይገጣጠም ነገር ነበረ። በመጀመሪያ መጠኑ። በ1950 ኤንሪኬ ጋቪዮላ የሚባል አርጀንቲናዊ ተመራማሪ በኮከቡ ዙሪያ ያለውን ጉም የትንሽ ሰው ቅርጽ ስላየበት "ሆሙንኩለስ" አለው፤ በላቲን "ትንሹ ሰው" ማለት ነው። ይህ ጉም በሰከንድ 650 ኪሎ ሜትር ያህል እየፈጠነ ዛሬም ይሰፋል። ወደ ኋላ ሲሰላ መነሻው 1840ዎቹ ላይ ያርፋል። ክብደቱ ደግሞ ከአሥር ፀሐይ በላይ ነው። አሥር ፀሐይ ሙሉ ጋዝ በሃያ ዓመት ገደማ ውስጥ ተተፋ! የወጣው ጉልበት ፀሐያችን በብዙ መቶ ሚሊዮን ዓመታት የምታወጣውን ያህል ነው። ይህ እንደ ጀበና መገንፈል ብቻ አይመስልም። ጀበናው ውስጥ ሌላ ነገር የገባበት ይመስላል።

ሁለተኛ፣ በ1996 ብራዚላዊው አውጉስቶ ዳሚኔሊ ኮከቡ በየ5 ዓመት ተኩል የሚደጋገም ለውጥ እንዳለው አሳየ። ለካስ ብቻውን አይደለም፤ በተለጠጠ ምሕዋር የሚዞረው ከፀሐይ ሠላሳ እጥፍ ገደማ የሚከብድ ጓደኛ አለው።

ሦስተኛው ግን እኔን በጣም የገረመኝ ነው። ሶር ፏፏቴ የሄዳችሁ ታውቃላችሁ፤ ገደል አጠገብ ቆማችሁ ስትጮሁ ድምፃችሁ ትንሽ ቆይቶ ይመለሳል። የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ብርሃንም ማሚቶ አለው። በ1840ዎቹ ከኮከቡ የወጣው ብርሃን ከፊሉ በቀጥታ ወደ እኛ መጣ፤ ኸርሸል ያየው እሱን ነው። ከፊሉ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዶ ከአቧራ ደመና ጋር ተላትሞ አንፀባረቀና በረዥሙ መንገድ ወደ እኛ ዞረ። ስለዚህ ዘገየ። ወደ 170 ዓመት ዘገየ! በ2012 አርሚን ሬስትና ባልደረቦቹ ይህን የዘገየ ብርሃን እንዳገኙ ጻፉ። ኸርሸል በዓይኑ ብቻ ያየውን ብርሃን እነሱ በዘመናዊ መሣሪያ ቀለሙን ተንትነው መረመሩት። በሌላ አነጋገር የ1840ዎቹን ክስተት በድጋሚ፣ በቀጥታ ስርጭት ተከታተሉት።

ምን አገኙ? ብርሃኑ ከተጠበቀው ይልቅ ቀዝቃዛ ነበር፤ ቢያንስ 7,000 ዲግሪ ሲጠበቅ 5,000 ዲግሪ አካባቢ ሆነ። በ2018 ደግሞ ናታን ስሚዝና ሬስት ከዚያው ማሚቶ ውስጥ በሰከንድ ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር የሚበር ጋዝ አገኙ። ከግዙፍ ኮከብ የሚነፍሰው የተለመደው ነፋስ በሰከንድ ከመቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለው ፍጥነት ኮከብ ፈንድቶ ሲሞት የሚታይ ነው። ይህ ኮከብ ግን አልሞተም፤ ዛሬም እዚያው አለ። ፈንድቶ ያልሞተ ኮከብ! ይህን ሁሉ ለማስማማት ያቀረቡት ሐሳብ ውህደት ነው።

እንደ እነሱ ሐሳብ መጀመሪያ ሦስት ኮከቦች ነበሩ። እኛ ቤት ሦስት ጉልቻ ድስት ይሸከማል፣ አይንገዳገድም። ሰማይ ላይ ግን ሦስት መሆን መንገዳገድ ነው። ሁለቱ ተቀራርበው ይዞራሉ፣ ሦስተኛው ከውጭ ይዞራቸዋል። ከሁለቱ የሚከብደው ቀድሞ አረጀ፣ አበጠ፣ ጋዙን ለጎረቤቱ አስረከበ። ሰጪው ቀለለ፣ ተቀባዩ መቶ ፀሐይ አከለ። ክብደቱ ሲዛወር ምሕዋሩም ተለወጠ፤ ሰጪው ወደ ውጭ ራቀ፣ የሦስተኛውንም መንገድ አመሰቃቀለ። ሦስተኛው ወደ ውስጥ ተወረወረ። ዙሩ እየጠበበ፣ ከትልቁ ኮከብ ላይ ጋዝ እየላጨ መጣና በመጨረሻ ተዋጠ። ያ መዋጥ ነው በ1840ዎቹ የታየው ብርሃን ይላሉ። ዛሬ በየ5 ዓመት ተኩሉ የሚመላለሰው ጓደኛ ደግሞ ያ ሀብቱን ያስረከበው የመጀመሪያው ኮከብ ነው። ሌሎች ተመራማሪዎች አሁንም ይከራከራሉ፤ ሳይንስ ነውና ይከራከሩ። ግን ከሦስቱም ማስረጃ ጋር በአንድ ጊዜ የሚሄድ ማብራሪያ ይህ ነው።

"ቲቸር፣ ኮከቦች ሲዋሃዱ ማን አይቶ ያውቃል?" የምትሉ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ። ታይቷል። ሚሊኒየሙን ባከበርን በዓመቱ፣ መስከረም 2008 ላይ፣ በስኮርፒየስ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ አንድ ኮከብ ድንገት ደመቀ። የፖላንድ ተመራማሪዎች ቺሊ ባለው ቴሌስኮፕ ያንን የሰማይ ክፍል ለሌላ ሥራ ለዓመታት ፎቶ ሲያነሱት ቆይተዋል። ሮሙዋልድ ቲሌንዳና ባልደረቦቹ የድሮውን ፎቶ ገልብጠው ሲያዩ፣ ያ ኮከብ በፊት ሁለት ነበር! በ1.4 ቀን አንድ ዙር የሚዞሩ ተጣብቀው ያሉ ጥንዶች። ዙሩ ከዓመት ዓመት እያጠረ መጣ፣ ከዚያ ድምቀቱ፣ ከዚያ በኋላ ሁለት የለም፣ አንድ ነው። እነዚህ ግዙፎች አልነበሩም፣ ግን የመጀመሪያው እጅ ከፍንጅ የተያዘ ውህደት ነው። በ2002 የደመቀውና ቪ838 ሞኖሴሮቲስ የሚባለው ደግሞ ከበድ ካሉ ኮከቦች ነው፤ ከፀሐይ 600,000 እጥፍ አበራ፣ እሱም ውህደት ነው የሚባለው። በ1987 በየካቲት የፈነዳው ታዋቂው ሱፐርኖቫም ዙሪያው ሦስት ቀለበት ነበረው፤ እነሱንም ከመፈንዳቱ 20,000 ዓመት ገደማ በፊት የተደረገ ውህደት ውጤት አድርገው የሚያስረዱ አሉ።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም እንዴ ብትሉኝ፣ አይደለም። በ2012 ሁግ ሳና የመራው ቡድን ከግዙፎቹ ኮከቦች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ከጎረቤት ጋር ጋዝ እንደሚለዋወጡ አሰላ፤ ከእነዚህ አንድ ሦስተኛው ይዋሃዳል። እንግዲህ እኔ ሰሌዳ ላይ "አይጋጭም" ብዬ የጻፍኩት ለግዙፎቹ የተለመደ ኑሮ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ።

ይህ ሁሉ የታወቀው ለምንድን ነው? ሰዎች ስለጻፉ ነው። ሃሌ በ1677 አንድ መስመር ጻፈ። ኸርሸል በየማታው ጻፈ። ፖላንዶቹ ለሌላ ሥራ ያነሱትን ፎቶ አልጣሉም። ደግሞ የተማሩ ሰዎች ብቻ እንዳይመስላችሁ። አውስትራሊያ ውስጥ ቡሮንግ የሚባሉ ጥንታዊ ሕዝቦች አሉ። በ1850ዎቹ ዊልያም ስታንብሪጅ የሚባል ሰው የሰማይ ታሪካቸውን ጠይቆ መዘገበ። ካኖፐስ የሚባለው ትልቅ ኮከብ ለእነሱ ቁራው ነው፤ ለቁራውም ሚስት ነበረችው። በ2010 ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ መርምረው ሚስቲቱ ማን እንደሆነች ለዩ፤ ኤታ ካሪኔ ናት። የታላቁ ፍንዳታ ጊዜ ሰማይ፣ ፊደል በሌለው ሕዝብ አፍ ተጠብቆ ተገኘ። የተገኘው ግን አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለጠየቀና ስለጻፈ ነው።

እኛም የሰማይ እውቀት አናጣም። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተሙት የገዳ መጽሐፍ የቦረና አያንቱዎች ጨረቃን ከሰባት ኮከቦችና የኮከብ ቡድኖች ጋር እያመሳከሩ ወርና ቀን እንደሚቆጥሩ ጽፈዋል። በዘመናችንም እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች አሉን። በ2019 ደግሞ አንድሮሜዳ ውስጥ ላለች አንዲት ኮከብ ስም የማውጣት ዕድል ለኢትዮጵያ ደርሶ ኮከቧ "ቡና"፣ ፕላኔቷ "አቦል" ተብለዋል። የኢሉባቦር ልጅ ሆኖ በዚህ የማይኮራ አለ?

ግን አንድ የሚቆጨኝ ነገር አለ። አያቴ በቆሎ ሲደርስ ከአሳማና ከዝንጀሮ ሊጠብቅ ማሳ ዳር ማማ ላይ ያድር ነበር። ልጅ ሆኜ አብሬው አድሬ አውቃለሁ። ሰዓት አልነበረውም። ቀና ብሎ ኮከብ ያይና "ሊነጋ ነው፣ ተነስ" ይለኝ ነበር። የትኛውን ኮከብ? ስሙ ማን ነበር? ከማን ሰማው? አልጠየቅኩትም። "ኡርጂ" ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ እኔ እንቅልፌን ነበር የማስበው። በኋላ ተምሬ መጥቼ እንኳ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ አወራን እንጂ ስለ ሰማይ አንድ ቀን አላነሳሁለትም። አሁን የለም። ለኤታ ካሪኔ ብርሃን ከ170 ዓመት በኋላ ማሚቶ መለሰለት። ለአያቴ ግን ማሚቶ የለውም።

ስለዚህ የቤት ሥራ አለ። ጎሬም ያላችሁ፣ በደሌም፣ ያዮም፣ አዲስ አበባም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ፣ ሽማግሌ ያለው ሰው ይደውል። ሌሊቱን በምን ኮከብ ነበር የምትለዩት? ስማቸው ማን ነው? ስለ እነሱ ምን ይባል ነበር? በስልካችሁ ቅዱት ወይም ጻፉት፣ ከቻላችሁ እዚህ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልን። ነጥብ የለውም፣ ግን ይታረማል።

መጋቢት ውስጥ ሰማዩ ከጠራ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት አካባቢ ወጥታችሁ ወደ ደቡብ ተመልከቱ። በግራ በኩል አራት ኮከቦች መስቀል ሠርተው ታያላችሁ። ከእነሱ ወደ ቀኝ ሄድ ስትሉ፣ ከአድማስ ሁለት ቡጢ ያህል ከፍ ብሎ፣ አንድ ደብዛዛ ኮከብ አለ። እየደመቀ መጥቶ ዛሬ እንደገና በዓይን ይታያል። ቅድመ አያቶቻችን በነበሩበት ዘመን ከሲሪየስ በቀር የሚያክለው ያልነበረው እሱ ነው።

አንተ ከኋላ ወንበር የጠየቅኸኝ ልጅ፣ ይህን ካነበብክ፦ ጥያቄህ ትክክል ነበር። ቁጭ በል ማለት አልነበረብኝም። ይጋጫሉ። ይቅርታ።

መልካም ምሽት ለሁላችሁም።